መንገድ ሲፈርስ

የሚሠራ ነገር ሲኖር ሁላችንም መሐንዲስ ነን፤ የሚፈርስ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም ባለርስት እንሆናለን። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ፒያሳ በምትፈርስበት ሰሞን ይህንን በደንብ ታዝቤያለሁ። እኔ የምኖረው ቦንጋ ነው፤ ከፒያሳ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ። ግን እመኑኝ፣ በዚያ ሰሞን እዚህም ቡና በተፈላበት ሁሉ ወሬው ፒያሳ ነበር። ዶሮ ማነቂያን አንዴ፣ ያውም በታክሲ መስኮት ያየ ሰው "የኛ ሰፈር!" እያለ ሊያለቅስ ምንም አይቀረውም። እዚያው አጠገቡ ደግሞ፣ ለትምህርት ሄዶ የቀበሌ ቤት ጓዳ ተከራይቶ የኖረ አንዱ ይነሣና "እንኳን ፈረሰ! አንድ ክረምት እዚያ ብታድር ይህን አትልም ነበር" ይለዋል።

እናላችሁ፣ ሁለቱ ሰዎች የተጣሉ መሰላቸው እንጂ የሚያወሩት ስለ አንድ ቦታ አልነበረም። አንዱ የሚያወራው ስለ ማኪያቶው፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ ሲኒማ ቤቱ ነው። ሌላው የሚያወራው ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ስላለው፣ ለስንት አባወራ አንድ ስለሆነው መጸዳጃ ቤት ነው። ለሁለቱም ስሙ ፒያሳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አገሮች የሠሩትን ሲያፈርሱ ሕዝባቸው ምን እንዳለ ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር ወደ አንድ ዓይነት ነገር እየተሳብኩ ሄድኩ፦ በከተማ መሐል በምሰሶ ላይ ወደ ተሠሩ አውራ ጎዳናዎች። ለምን ቢሉ፣ እነሱ ላይ "ከላይ" እና "ከታች" የሚባለው ነገር ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ከላይ መኪና ይበራል፤ ከታች ሰው ይኖራል። ሁለቱ ሳይተያዩ ሠላሳና አርባ ዓመት ያልፋል።

ነገሩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መኪና የነገው ዓለም ጌታ ነው ተባለ። ከተሞቹ ደግሞ መኪና ሳይታሰብ የተቆረቆሩ ናቸው። ታዲያ ቤት ከማፍረስ በቤቶቹ አናት ላይ መንገድ መዘርጋት ብልሃት መሰለ። አሜሪካኖቹ በ1950ዎቹ አስፋፉት፤ የእስያ ከተሞች ተከተሉ። ያልታሰበው ሲሚንቶም እንደሚያረጅ ነው። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ገፍቶ ያፈነዳዋል። እናም እዚያው አርባ ዓመት ገደማ ላይ ሁሉም ከተማ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሰ፦ ይጠገን ወይስ ይፍረስ?

ከሁሉም ታሪኩ የሚገርመኝ የሴኡል ነው። ለእኛ ደግሞ ሴኡል ባዕድ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርሱ ያቺ ከተማ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለች ፈራርሳ ነበር። በከተማዋ መሐል ቾንግዬቾን የሚባል ጅረት ያልፋል። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች መጥተው በዚህ ጅረት ዳርና ዳር፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ጎጆ እየቀለሱ ሰፈሩ። ጅረቱ የልብስ ማጠቢያም፣ የቆሻሻ መጣያም፣ የሽንት ቤት መውረጃም ሆነ። እነዚያ ጎጆዎች የድህነት መታያ ስለሆኑ መንግሥት አፈረባቸው። ከእ.ኤ.አ. 1958 ጀምሮ ጅረቱን በኮንክሪት መክደን ተጀመረ፤ ነዋሪዎቹም ተነሡ። ቀጥሎ በክዳኑ ላይ ምሰሶ ተተክሎ ከ1967 ጀምሮ አውራ ጎዳና በአየር ላይ ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ኩራት ነበር። ፖስት ካርድ ላይ ይታተም ነበር ማለት ይቀላል።

በዚያ ጎዳና ጥላ ሥር ግን ሌላ ከተማ በቀለ። የእኛን ምናለሽ ተራ አስቡት። የተፈታ ሞተር፣ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ፣ አሮጌ መሣሪያ፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ያገለገለ ጫማ። እዚያ ሰፈር ካለው ዕቃ ታንክም ሰርጓጅ መርከብም መገጣጠም ይቻላል እየተባለ ይቀለድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆችና ጉሊቶች ማለት ነው። ከላይ ያለው ጎዳናና ከታች ያለው መንገድ ተደምረው በቀን 168 ሺህ ገደማ መኪና ይተላለፍባቸው ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የመኪናው ቁጥር ሁልጊዜ ይታወቃል። ከታች ያለው ሰው ስንት እንደሆነ ግን ጉሊቱን ለማንሣት እስኪታሰብ ድረስ የቆጠረው አልነበረም።

በ1990ዎቹ ጎዳናው መድከሙ ታወቀ። ከታች የታፈነው ጅረት የሚያወጣው ጋዝ ሳይቀር ብረቱን በልቶታል። በ2002 ሊ ምዩንግ ባክ የሚባል ሰው "ጎዳናውን አፍርሼ ጅረቱን እመልሳለሁ" ብሎ ለከንቲባነት ተወዳደረና አሸነፈ። ሰውየው ቀድሞ የአንድ ግዙፍ የኮንስትራክሽን ኩባንያ ኃላፊ ነበር። የገነባ ትውልድ አፍራሽ ሆኖ መጣ በሉት። በሐምሌ 2003 ማፍረስ ተጀመረ፤ በጥቅምት 2005 ስድስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጅረት ተከፈተ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር! የተፈራው የመኪና መጨናነቅ በተፈራው መጠን አልመጣም። በጅረቱ ዳር ያለው አየር በበጋ ከሌላው ሰፈር በጥቂት ዲግሪ ቀዝቃዛ ሆነ። ልጆች እግራቸውን ነከሩ፤ ሙሽሮች ፎቶ ተነሡ። የዓለም ከንቲባዎች ሁሉ እየሄዱ ጎበኙት። ሰውየውም በዚያው ዝና ላይ ተጨምሮለት ፕሬዚዳንት ሆነ። (ኋላ በሙስና ተከሶ መታሰሩ ሌላ ወሬ ነው።)

የከተማው አስተዳደር ከነጋዴዎቹ ጋር ከ4,000 በላይ ጊዜ ተሰብስቤያለሁ ይላል። ለሱቅ ባለቤቶቹ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ተሠራላቸው። ሲያልቅ ግን ዋጋው ከአብዛኞቹ አቅም በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የገቡትም ደንበኛ አጡ። የጉሊት ነጋዴዎቹ ነገር ከዚህ ይከፋል። እነሱ ካርታ የላቸውም፤ የኪራይ ውል የላቸውም። በ2003 መጨረሻ ከአድማ በታኝ ፖሊስ ጋር ተጋጭተው ተነሡ። በጎ ፈቃድ ሆኖ አንድ አሮጌ ስታዲየም ሜዳው ላይ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። እነሱም ሜዳውን ሞቅ ያለ ገበያ አደረጉት። አራት ዓመት ሳይሞላ ስታዲየሙ ራሱ ይፈርሳል ተባለ፤ በቦታው በታዋቂዋ አርክቴክት ዛሃ ሐዲድ የተነደፈ እጅግ ዘመናዊ ሕንፃ ሊቆም። ጉሊቶቹ እንደገና ተነሥተው በ2008 ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ጅረቱን ለመክደን ጎጆ ፈረሰ፤ ክዳኑን ለማንሣት ጉሊት ፈረሰ። በሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ "ከተማዋን ማሳመር" ነበር።

ይህን ስል ጅረቱ ባይመለስ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ጎዳናው ይፍረስ ከሚሉት ጋር እሰለፋለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማፍረስ ደስታም ኀዘንም አለው፤ ደስታው ለማን፣ ኀዘኑ ለማን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ይታወቃል ወይ?

አንዳንዴ አይታወቅም። ሳን ፍራንሲስኮን እዩ። እዚያ የባሕሩን ዳርቻ ከከተማዋ የሚጋርድ ባለ ሁለት ፎቅ ጎዳና በ1959 ተከፈተ። ሕዝቡ ከመጀመሪያውም ጠልቶት ነበር፤ ሌሎች የታቀዱ ጎዳናዎች በሕዝብ ቁጣ የተሰረዙት በዚያው ዓመት ነው። ታዲያ በ1986 "ይፍረስ ወይ?" ተብሎ በድምፅ ሲጠየቅ ያው ሕዝብ "አይፍረስ" አለ! ሰው የጠላውን ነገርም ይለምደዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1989፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ክርክሩን አቀለለው። በማዶ ባለችው ኦክላንድ ተመሳሳይ ባለ ሁለት ፎቅ ጎዳና ተደርምሶ 42 ሰዎች ሞቱ። የሳን ፍራንሲስኮው አልወደቀም፤ ግን ቆሰለ፣ ተዘጋ። አሁን ይፍረስ ሲባል ማን ተቃወመ? የቻይናውያን ሰፈር ነጋዴዎች። ደንበኛ የሚያመጣላቸው ያ አስቀያሚ ጎዳና ነበር። በጎዳናው መዘጋት ብቻ ገበያቸው ቀዝቅዟል። ከንቲባው አርት አግኖስ አፈረሱት፤ በ1991 ጎዳናው ወረደ፤ በዚያው ዓመት ከንቲባውም በምርጫ ወረዱ። ለሽንፈታቸው የዚያ ሰፈር ቅያሜ አስተዋጽኦ አድርጓል ይባላል። ዛሬ ባሕር ዳርቻው የከተማዋ ጌጥ ነው፤ ጎዳናው ይመለስ የሚል የለም። ኦክላንድ ላይ ደግሞ የተደረመሰው ጎዳና ቀድሞ የጥቁሮችን ሰፈር ለሁለት ሰንጥቆ ያለፈ ነበር። ነዋሪዎቹ "እዚህ ቦታ ዳግመኛ አይሠራም" ብለው ታገሉና አሸነፉ፤ አዲሱ በሌላ በኩል ዞረ። በአሮጌው ቦታ ላይ ያለው ባለ ዛፍ መንገድ ዛሬ የማንዴላ ስም አለው።

ሲያትል ላይ ደግሞ ዘመድ አለኝ፤ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። እዚያ ከተማ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ማግኘት ቦንጋ ላይ ቡና እንደማግኘት ነው። በሲያትል ባሕር ዳር ላይ ከ1953 ጀምሮ የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ጎዳና ነበር። በ2001 የመሬት መንቀጥቀጥ ተሰነጠቀ። ይጠገን፣ ይፍረስ፣ በመሬት ውስጥ ይለፍ እየተባለ አሥር ዓመት ተጨቃጨቁበት። በመጨረሻ መሬት ውስጥ ይለፍ ተባለ። ዋሻውን የሚቆፍረው ግዙፍ ማሽን በ2013 መሐል መንገድ ላይ ተሰብሮ ሁለት ዓመት ቆመ። ጎዳናው የተዘጋው በጥር 2019 ነው። ለስንብት ቀን ቆርጠው ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድበት ሲፈቅዱለት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። የአክስቴ ልጅም ወጥቶ ነበር። በስልክ ያለኝን አልረሳውም፤ "እኛ ባሕሩን የምናየው ከዚያ ላይ ነበር" አለኝ። ገባኝ። በባሕሩ ዳር ቤት የሚገዛው ሀብታም ነው፤ ሆቴሉም ለሀብታም ነው። ያ ያረጀ መንገድ ግን ለአውቶቡስ ተሳፋሪውም ለባለታክሲውም ተራራውንና ባሕሩን በነፃ ያሳይ ነበር። አሁን በዋሻ ውስጥ ይነዳል፤ ከኅዳር 2019 ጀምሮም ዋሻው ያስከፍላል። ከታች የሚኖረው ደስ አለው፤ ከላይ የሚያልፈው ደሃ ተከፋ። የሴኡሉ ተገላቢጦሽ ማለት አይደል?

እንግዲህ ከላይ ያለው ሁሉ ባለጸጋ፣ ከታች ያለው ሁሉ ድሃ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የእኛው የካፋ ታሪክም ይህን ይመሰክራል። ካፋ በምሰሶ ላይ የቆመ ጎዳና ኖሮት አያውቅም። ከሰማይ በታች በድንጋይ ላይ የተዘረጋ አንድ መሸጋገሪያ አለን፤ የእግዜር ድልድይ እንለዋለን። ማንም አልሠራውምና ማንም አያፈርሰውም። የሰው እጅ የሠራው የእኛ ነገር ግን ወደ ላይ የወጣ ሳይሆን ወደ ታች የተቆፈረ ነበር።

የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባላል፤ ሚክሬቾ ከሚባል ሰባት አባላት ካሉት ሸንጎ ጋር ይገዛል። የመንግሥቱ ዳርቻ ተፈጥሮ በወንዝና በጫካ ያልዘጋችው ቦታ ሁሉ በጥልቅ ጉድባ ተከቦ ነበር። ጉድባውን የሚቆፍረውና በየጊዜው የሚጠርገው ገበሬው ነው፤ በግዴታ። መግቢያው ኬላ ነው። ዛሬ ጫት ወይም ከሰል የሚፈተሽበትን ቦታ "ኬላ" ስንል ያንኑ አሮጌ ቃል እያነሣን ነው። ከጎጀብ ማዶ የሚመጣ ነጋዴ ኬላው ላይ ይቆማል፤ ይጠየቃል፤ ከተፈቀደለት ወደ ቦንጋ ይሄዳል። ከቦንጋ አልፎ ወደ ውስጥ መግባት ለባዕድ የተከለከለ ነበር። ቦንጋ በዚያ ዘመን ትልቅ የንግድ ከተማ የሆነችበት አንዱ ምስጢር ይኸው ነው፤ ነጋዴው ሁሉ እሷ ላይ እንዲቆም ስለተገደደ። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ይገባል፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣል። ሰውም በባርነት ይወጣ ነበር፤ ይህንን ሳይናገሩ ማለፍ ደግ አይደለም።

ኬላዎቹን ከሚጠብቁት መሐል ማንጆ ተብለው የተለዩት ወገኖቻችን ነበሩ። አዳኞች ናቸው፤ ጫካውን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። መንግሥቱ በሩን አምኖ የሰጣቸው ሰዎች ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ከሌላው ጋር አብሮ መብላት የማይፈቀድላቸው፣ ከቤት ደፍ የማያልፉ ነበሩ። ይህን የአገራችንን ነውር ሳስብ ያ የሴኡል ጎዳና ትዝ ይለኛል። አገር የምትጠበቀው በሚናቁት ሰዎች ትከሻ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ ወራት ከፈጀ ጦርነት በኋላ፣ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሻሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ። ጉድባው ጠባቂ አጣ፣ ኬላው ተከፈተ፣ የአንድራቻ ቤተ መንግሥት ጠፋ። ታዲያ "ሕዝቡ ምን አለ?" ብለን ብንጠይቅ የትኛው ሕዝብ ነው? ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ድል ነው። ለጎጀብ ማዶ ነጋዴ "መንገድ ተከፈተ" ነው፤ ከእንግዲህ ቦንጋ ላይ መገተር የለም። ለካፋ ገበሬ ግን የተከፈተው መንገድ ነጋዴ ብቻ አላስገባበትም። ወታደር ገባበት፣ ገባር የሚያደርግ ነፍጠኛ ገባበት፣ ባሪያ ፈንጋይ ገባበት። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የካፋ ሕዝብ ክፉኛ ተመናምኗል፤ ሞተ፣ ተሸጠ፣ ተሰደደ። ታቶው በግዞት ሲወሰዱ ጎጀብን ሲሻገሩ ቀለበታቸውን ወንዙ ውስጥ ጣሉት እየተባለ ይተረካል። ቀለበቱ ተጣለም አልተጣለ፣ ወሬው ራሱ የሕዝብ ድምፅ ነው። ጋዜጣ የሌለው አገር አስተያየቱን በእንዲህ ዓይነት ወሬ ነው የሚሰጠው።

ማንጆዎቹስ? ኬላው ሲፈርስ ሥራቸውና በእሱ ያገኙት የነበረው ጥቂት ክብር አብሮ ፈረሰ። አድልዎው ግን አልፈረሰም፤ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። ድንጋይና አፈር ለማፍረስ አንድ ዘመቻ ይበቃል።

ከጎረቤታችን ከዳውሮ ደግሞ ንጉሥ ሀላላ ያሠሩት የድንጋይ ካብ አለ፤ በዓላማው የእኛ ጉድባ ወንድም ነው፤ ጠላት እንዳይገባ የታጠረ። ይኸው በዚያው ስም "ሀላላ ኬላ" የሚባል ሪዞርት ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። እንግዳ እንዳይገባ የታጠረ ኬላ ዛሬ እንግዳ መጥሪያ ስም ሆነ። ከሁሉም አጨራረስ ይህኛው ይሻላል መሰለኝ፤ ካቡም አለ፣ በሩም ክፍት ነው።

ከዚህ ቅርብ የሆነ፣ በዓይኔ ያየሁት ደግሞ አለ። ከጅማ ቦንጋ ያለው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ክረምት ሲገባ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ተቀብሮ ያድር ነበር። ሹፌሩ ይራገማል፣ ተሳፋሪው ይራገማል፣ እኔም ተራግሜያለሁ። ነገር ግን መኪና የሚይዝባቸው ቦታዎች ሁሉ መንደር ሆነው ነበር። ሻይ አለ፣ የተጠበሰ በቆሎ አለ፣ መኝታ አለ፣ በገመድ የሚጎትቱ ጎረምሶች አሉ። አስፋልቱ ሲመጣ ሁላችንም እልል አልን፤ ተገቢ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ ላይ መቅረቷ ቀረ። እነዚያ የሻይ ቤቶች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በራቸውን ዘጉ። መኪናው እያፏጨ ያልፋቸዋል። ስለነሱ የተናገረ አልሰማሁም፤ ጭቃ ይመለስልን ብሎ ሰልፍ የሚወጣ ደግሞ የለም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። በከተማ መሐል ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ የቆመ ነገር ካልን የእኛው ቀላል ባቡር አለ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር መስመርና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ሰዉ ለመሳፈር ብቻ ሲል ከጫፍ ጫፍ ይሄድ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ መለዋወጫ እየጠፋ አብዛኞቹ ባቡሮች ቆሙ። መስመሩ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሰፈር መንገዱን ለሁለት ከፍሎ፣ ማዶና ማዶ የነበረ ጎረቤት ለመገናኘት ዙሪያ ጥምጥም እንዲሄድ አድርጎታል፤ ከእሱ በፊት የተሠራው የቀለበት መንገድም እንዲሁ ነው። ከፍ በሚልበት በኩል ደግሞ ከምሰሶው ሥር ሊስትሮው፣ ማስቲካ ሻጩ፣ ማደሪያ ያጣው ልጅ ጥላ አግኝቷል። ያ ምሰሶም አንድ ቀን ያረጃል። የዚያን ቀን በየሻይ ቤቱ ክርክር እንደሚነሣ አልጠራጠርም፦ ይጠገን ወይስ ይፍረስ? ተሳፋሪውን ትኬቱ ይቆጥረዋል። ከሥር ያለውን ማን ይቆጥረዋል የሚለው ነው የኔ ጭንቀት።

ፒያሳም ብትሆን እንዲሁ ናት። በ2016 የተለቀሰላት ፒያሳ እኮ እሷ ራሷ በሌላ ፍርስራሽ ላይ የተሠራች ናት። ከጣሊያን በፊት ያ ቦታ አራዳ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያገሩ ሰው የሚገበያይበት ትልቅ ገበያ። ጣሊያን ሲገባ "ያገሬው ሰው" እና "ነጩ" መለየት አለበት ብሎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የተረፈውን ቦታ ፒያሳ አለው። ከአራዳ ገበያ የተነሡት ነጋዴዎች ምን እንዳሉ የጻፈላቸው የለም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መርካቶን መርካቶ አደረጉ፤ ሌሎቹ ፒያሳን ወደዱ። ሰማንያ ዓመት ሲያልፍ የተገፉት ተረስተው ስሙ ቀረ።

በ2016 ደግሞ ከፒያሳ የተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። ከነሱ መሐል "ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ሽንት ቤት ኖረኝ" የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። "እድሬ ተበተነ፣ ደንበኞቼ ፒያሳ ቀሩ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛል" የሚልም አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። አንዳንዴ ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው ነው። በየማኅበራዊ ገጹ ስንጨቃጨቅ የከረምነው ግን እኛ ነን፤ ኬክ ለመብላት የምንሄደው። "ታሪክ ፈረሰ" ባዩም "ቆሻሻ ተጠረገ" ባዩም ማታ ወደየቤቱ ይገባል።

ሴኡሎች ጎዳናውን ሲያፈርሱ ሦስት ምሰሶ ሆን ብለው ሳይነኩ ተዉ። ዛሬም በጅረቱ መሐል ምንም ሳይሸከሙ ቆመዋል፤ ጎብኚ ፎቶ ያነሣቸዋል። የጉሊቶቹ ገበያም፣ ሦስተኛ ቦታው ላይ ሆኖ፣ አሮጌ ሬዲዮና ልባሽ ጨርቅ ሲሸጥ ዘልቋል። ወደ ሴኡል የሚሄድ ሰው ቢያገኘኝ ምሰሶዎቹን ትቶ ገበያውን እንዲያይልኝ እለምነዋለሁ።

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከተሻገረ ወዲህ መንገድ ይሰፋል፣ አጥር ይገባል፣ ቤት ይነሣል የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ የቡና ማጣጫ ነው። በቅርቡ በአንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሥዕሉ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ታየ፤ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ አበባ። ያምራል። ጥያቄ ሲባል ወንዶቹ ተራ በተራ ተነሥተን ስለ ካሳ፣ ስለ መመሪያ፣ ስለ ታሪካዊ ቅርስ ረዘም ረዘም ያለ ንግግር አደረግን። በመጨረሻ መንገድ ዳር ጀበና ዘርግተው የሚያድሩ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጄ፣ አውቶቡሱ የሚቆመው የት ጋ ነው?"

መድረክ ላይ ያለው ወጣት ወደ ሥዕሉ ዞረ። ትንሽ ፈለገ። ከዚያ በትሕትና፣ "እማማ፣ እሱ ገና አልተሠራም፤ ይታሰብበታል" አላቸው። ጻፍ ጻፍም አደረገ።